የእንግሊዝ ንጉሣዊ ሠርግ እንዴት ይደገሳል? ማየት ለሚወዱ ሰዎች የተጻፈ ማብራሪያ

ልዑል ሃሪና ሜጋን ማርክል ዊንዘር ላይ በተጋቡበት ዕለት፣ ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሜይ 19 ቀን 2018)፣ ክፍቱ ሠረገላ ከተማዋን የዞረው ለ25 ደቂቃ ያህል ነው። ከብረት አጥሩ ጀርባ ቆሞ ለዋለ አድናቂ ደግሞ ሙሽሮቹ ከፊቱ የቆዩት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ለዚያች ሰከንድ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወደ ዊንዘር ጎርፏል፤ ከዋዜማው ጀምሮ አስፋልት ላይ ያደረም ብዙ ነበር። ንጉሣዊ ሠርግ የሚወድ ሰው ማንም ሳይጋብዘው ይሄዳል፣ ደስ ብሎትም ይመለሳል። ሆኖም ከቀለበቱ ወርቅ እስከ አበባው ቅጠል ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በዚያች ሰከንድ የሚያየው ይበዛለታል።

ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ፈቃድ

ሥራው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። በ1772፣ በንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ዘመን በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከጥቂቶች በቀር የንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ ተወላጅ የሆነ ሁሉ ከዘውዱ ፈቃድ ሳያገኝ ቢያገባ ጋብቻው ከነጭራሹ እንዳልነበረ ይቆጠር ነበር። የሕጉ በትር ያረፈው በንጉሡ በገዛ ልጃቸው ላይ ነው። ልዑል ኦገስተስ በ1793 ሌዲ ኦገስታ ሙሬይን ሳያስፈቅድ አገባ፣ በዓመቱ ፍርድ ቤት ጋብቻውን አፈረሰው። ይኸው ልዑል ኋላ የመጀመሪያው የሱሴክስ መስፍን ተባለ። ሃሪ በሠርጉ ዕለት ጧት የተሰጠው ማዕረግ ያው ነው፤ ያን ማዕረግ ለፍቅር ጋብቻ የመረጠ ሰው ታሪኩን ሳያውቀው አልቀረም።

አሁን ያለው ሕግ በ2013 ጸድቆ በማርች 2015 ሥራ ላይ የዋለው ነው። በእሱ መሠረት ፈቃድ የሚጠይቁት ለዙፋኑ ተራ የያዙት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከስድስቱ አንዱ ሳያስፈቅድ ቢያገባ ጋብቻው ይጸናል፤ ነገር ግን እሱም ሆነ ከዚያ ጋብቻ የሚወለዱ ልጆቹ ከወራሽነት ተራ ይወጣሉ። ካቶሊክ ማግባትም ድሮ ከተራ ያስወጣ ነበር፤ ይህ ሕግ ያንንም አንስቶታል።

ፈቃዱ እንዲጸና ሦስት ነገር መሟላት አለበት። በታላቁ የመንግሥት ማኅተም መታተም፣ የዘውዱ አማካሪዎች በሚሰበሰቡበት ፕሪቪ ካውንስል ፊት መነገር፣ በምክር ቤቱ መዝገብም መጻፍ ይኖርበታል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ለሃሪ ፈቃዱን በምክር ቤቱ የተናገሩት ማርች 14 ቀን 2018 ነው። ያን ቀን ሃሪ አምስተኛ ነበር። ኤፕሪል 23 የወንድሙ ልጅ ሉዊ ሲወለድ ወደ ስድስተኛ ወረደ፤ አንድ ሕፃን ቢጨመር ኖሮ ፈቃዱ ከነጭራሹ ባላስፈለገው ነበር። የአጎቱ ልጅ ዩጂን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ሃሪ ባገባበት በዊንዘሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ስታገባ ከስድስቱ ውጭ ስለነበረች ይህን ሁሉ ደረጃ አላለፈችም።

የፈቃዱ ሰነድ በእጅ የሚጻፍ ብራና ነው፤ ከሠርጉ በፊትም ፎቶው ለሕዝብ ይወጣል። አድናቂ ይህን ፎቶ አጉልቶ ቢመለከት አይከስርም። የሃሪና የሜጋን ብራና በግራ በኩል የዌልስ ቀይ ዘንዶ አለው፣ ከሃሪ ምልክት ውስጥም ከእናቱ ከዲያና ቤተሰብ ዓርማ የመጡ ሦስት ጥቃቅን ቀይ ዛጎሎች ይታያሉ። በቀኝ በኩል የሜጋን አገር ካሊፎርኒያ የምትታወቅበት ቢጫ ፖፒ አበባ፣ ከሥሩም ከአሜሪካ ማኅተም የተወሰደ የወይራ ዝንጣፊ ተሥሏል።

ጋብቻው የትና መቼ ይጸናል?

በ2021 ሜጋን ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀደም ብለው ጓሮ ውስጥ ቃል መለዋወጣቸውን በቴሌቪዥን ስትናገር፣ «ታዲያ እኛ ያየነው ሠርግ ምን ነበር?» ብሎ የተከፋ አድናቂ ጥቂት አይደለም። መልሱ ቀላል ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ እንዲጸና የተፈቀደ ቦታና ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። የጓሮው ቃል ኪዳን ይህን አያሟላም። ሕጋዊው ጋብቻ ሜይ 19 የሆነው ነው፤ ያየነውም እሱን ነው።

ቦታውን በተመለከተ፣ ተራ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሲጋቡ ስማቸው ለሦስት እሑድ ይነበባል። የዊንዘሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎትና የለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢ ግን አጥቢያ አይደሉም፤ በጳጳስ ሥር ሳይሆን በቀጥታ በዘውዱ ሥር ናቸው። ስለዚህ ከካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጽሕፈት ቤት ልዩ ፈቃድ ይወጣል። ሜጋን ደግሞ ከሠርጉ በፊት በማርች ወር በሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ እጅ ተጠምቃለች። ቀድሞ አግብታ የፈታች መሆኗ አላገዳትም፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የቀድሞ ባል ወይም ሚስት በሕይወት እያሉ ዳግም ማግባትን ከ2002 ጀምሮ እንደ ሁኔታው ትፈቅዳለች። በ1936፣ ጃንሆይ በባዝ ከተማ ስደት ላይ ሳሉ፣ ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ የፈታች ሴት አገባለሁ ብለው ዙፋን ለቀዋል።

ቦታ ምን ያህል ራስ እንደሚያዞር ለማወቅ የ2005ን የቻርልስና የካሚላን ጋብቻ ማየት ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይሆን በሲቪል ሥርዓት እንዲሆን ተወሰነ፣ ቦታውም ዊንዘር ቤተ መንግሥት ተባለ። ከዚያ ሕጉ ሲታይ፣ ለሲቪል ጋብቻ ፈቃድ የሚወጣለት ሕንፃ ለማንኛውም ተጋቢ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ክፍት መሆን አለበት። ቤተ መንግሥቱ የሠርግ አዳራሽ ሊሆን ነው! ወዲያው ጋብቻው ወደ ዊንዘር ከተማ ማዘጋጃ ቤት ተዛወረ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ አርፈው ቀብራቸው በዚያው ቀን ዋለ፣ ሠርጉም ከኤፕሪል 8 ወደ 9 ተገፋ።

ለንደን ወይስ ዊንዘር

የዙፋን ወራሽ ወይም የወራሽ ወራሽ ሲያገባ ለንደን ይመረጣል። ልዑል ዊሊያምና ካትሪን ኤፕሪል 29 ቀን 2011 ዌስትሚንስተር አቢ ሲጋቡ 1,900 እንግዶች ተጠርተዋል። ቻርልስና ዲያና በ1981 አቢውን ትተው ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን የመረጡት ሰፊ ስለሆነ ነው፤ 3,500 ሰው ገብቶበታል። የዊንዘሩ ቤተ ጸሎት ግን 800 ሰው ያህል ነው የሚይዘው፤ ለሃሪ ሠርግ የተጠሩት 600 ናቸው።

አቢው ውስጥ የምትጋባ ጥንድ ከበርካታ መሪዎችና አምባሳደሮች ማምለጥ አትችልም። ዊንዘር ግን ይፈቅዳል፤ ሃሪ ዙፋኑ የራቀው ልዑል ስለነበረ የውጭ መሪዎችን ሳይጠራ ቀርቷል። የተረፈው መሬት ለሕዝብ ተሰጠ፤ 2,640 ሰዎች ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ ገብተው ሠረገላውንና እንግዶቹን በቅርብ እንዲያዩ ተጋበዙ። ከእነዚህ 1,200ው ከየክፍለ አገሩ የተመረጡ ተራ ሰዎች፣ 200ው ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ 100ው ከአካባቢው ሁለት ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች፣ የቀሩት የግቢው ኗሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ። ለእነዚህ ተጋባዦች ምግብ መግዣ ስለማይኖር ምሳችሁን ቋጥራችሁ ኑ የሚል ማሳሰቢያ ደረሳቸው። ሠርግ ጠርቶ ስንቅ አምጡ ማለት ለእኛ ሰው ጆሮ ይከብዳል፤ እንግሊዞችም ቢሆኑ አጉረምርመዋል።

ይህ ቤተ ጸሎት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ሌላም ነገር አለው። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ ሲሞት፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ የተቀበረው እዚሁ ነው። በውስጡ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚል የናስ መታሰቢያ አለው። አጽሙ እንዲመለስ በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጠይቀዋል፤ በ2023 ዘመዶቹ ሲጠይቁ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን አጽም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። ጃንሆይም በ1954 የጋርተር ኒሻን የተሸለሙ ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ የዚያ ኒሻን ባለቤቶች ቤተ ጸሎት ነው። ካሜራው በሠርጉ ቀን ይህን አላሳየም።

ውስጥ ምን ይደረጋል

የመግቢያው ቅደም ተከተል ራሱ ይነበባል። የማዕረግ ትልቁ ሰው መጨረሻ ላይ ይመጣል። በ2018 እንግዶቹ ከ3፡30 ጀምሮ ሲገቡ ቆይተው፣ የንጉሣውያን ቤተሰብ አባላት መምጣት ጀመሩ፣ ስድስት ሰዓት ሲቃረብም ሃሪና ሚዜው ዊሊያም ደረሱ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ መጨረሻ ላይ ንግሥቲቱ። ከንግሥቲቱ በኋላ የምትገባው ሙሽራዋ ብቻ ናት፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው። ይህን ተራ ያወቀ ሰው ንግሥቲቱን ካየ በኋላ ወንበሩን ለቆ ሻይ ሊያፈላ አይነሳም።

ሜጋን ምዕራባዊውን ደረጃ ወጥታ ብቻዋን ገባች፤ ከሕፃናት ሚዜዎቿ በቀር አጠገቧ ማንም አልነበረም። አባቷ በጤና ምክንያት ስላልመጡ፣ ከቤተ ጸሎቱ እኩሌታ ላይ የሙሽራው አባት ቻርልስ ተቀብለው ወደ መሠዊያው አቅራቢያ አደረሷት። ነገር ግን እንደ ልማዱ እጇን ለሙሽራው አልሰጡም። እንዲህ ያለ ነገር በልምምድ ተወስኖ የሚመጣ እንጂ በዕለቱ የሚፈጠር አይደለም።

ተክሊል ያየ ሰው እዚህ አክሊልና ካባ ይጠብቅ ይሆናል። የለም። ሙሽራዋ ራስ ላይ ያለው ቲያራ የቤተሰብ ጌጥ ነው፤ ቄሱ አይባርከውም፣ ሙሽራውም አይደፋም። የሥርዓቱ ልብ ሦስት ነገር ነው፤ ቄሱ የጋብቻ እንቅፋት የሚያውቅ ካለ ይናገር ብሎ መጠየቁ፣ ሁለቱ ቃል መግባታቸው፣ ቀለበት መደረጉ። ዲያና በ1981 «ልታዘዝህ» የሚለውን ቃል አስወጥታለች፤ ካትሪንና ሜጋንም አላሉትም። ከዚያ ከሕዝብ ዓይን ዘወር ብለው መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ፤ መዘምራኑ ወይም ሙዚቃ ተጫዋቹ ረዥም ዜማ የሚያሰማው ያን ጊዜ ለመሙላት ነው። በ2018 ወጣቱ የቼሎ ተጫዋች ሼኩ ካኔ-ሜሰን የተደመጠው በዚሁ ሰዓት ነው። (የወረቀት መዝገቡ በ2021 በኤሌክትሮኒክ ተተክቷል፤ ፊርማው ግን በሌላ ሰነድ ላይ ቀርቷል።)

የሚበላሸው ነገር ብዙ ጊዜ ቃሉ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ሊቀ ጳጳሱን እየተከተሉ ይደግማሉ፣ የልዑላኑ ስሞች ግን አራት አራት ናቸው። ዲያና «ቻርልስ ፊሊፕ» ማለት ሲገባት «ፊሊፕ ቻርልስ» ብላለች፤ ቻርልስም «የእኔን ሀብት» ማለት ሲገባቸው «የአንቺን» ብለው አልፈዋል። ጋብቻውን አያፈርሰውም። የካትሪን ቀለበት ደግሞ ጣቷ ላይ እንቢ ብሎ ዊሊያም ገፋ ገፋ ሲያደርገው ዓለም ሁሉ አየ። የቀለበቶቹ ወርቅ ከዌልስ ማዕድን የሚመጣበት ልማድ በ1923 በንግሥት ኤልሳቤጥ እናት፣ በኤልሳቤጥ ቦውዝ-ላየን ቀለበት የተጀመረ ነው። ዊሊያም ቀለበት አያደርግም፤ ሃሪ ያደረገው ፕላቲነም ነው።

ቀሚሱ፣ ዓይነ ርግቡ፣ አበባው

አድናቂ ብዙ ሰዓት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፣ እኛም አንቆጥብም።

የካትሪን ቀሚስ ሳራ በርተን በአሌክሳንደር ማክዊን የፋሽን ቤት የሠራችው ነው፤ ከኋላ የሚጎተተው ጭራ 2 ሜትር ከ70 ነው። ዳንቴሉን በእጅ የሠሩት የንጉሣዊው የመርፌ ሥራ ትምህርት ቤት ባለሙያዎች ናቸው፤ ጽጌረዳ፣ እሾኽማው የስኮትላንድ አበባ፣ የዌልሱ ዳፎዲልና የአየርላንዱ ሻምሮክ እያንዳንዳቸው ተቆርጠው ሐር ላይ ተሰፉ። ሠራተኞቹ በየ30 ደቂቃው እጃቸውን ይታጠቡ፣ በየሦስት ሰዓቱ መርፌ ይቀይሩ ነበር። ምክንያቱ ተራ ነው፤ የእጅ ወዝ ነጭ ክርን ወዲያው ያጨቀያል፣ የደነዘዘ መርፌም ስሱን ጨርቅ ይስባል። ጀርባው ላይ በጨርቅ የተለበጡ 58 ቁልፎች ተደርድረዋል።

የሜጋን ቀሚስ ተቃራኒው ነው። የጂቫንሺ ፋሽን ቤቷ ክሌር ዌይት ኬለር ምንም ዳንቴል ሳታደርግበት በስድስት ስፌት ብቻ ሠራችው። እንዲህ ያለ ቀሚስ ከባድ ነው፤ የሚሸፍንለት ጌጥ ስለሌለ አንድ ስፌት ቢሸበሸብ ከሩቅ ይታያል። ጌጡ ሁሉ የተቀመጠው አምስት ሜትር ርዝመት ባለው ዓይነ ርግብ ላይ ነው፤ ዳር ዳሩን በወቅቱ 53 የነበሩት የኮመንዌልዝ አገሮች አበቦች ተጠልፈውበታል። ከእነሱ ጋር ሁለት ተጨማሪዎች አሉ፤ የካሊፎርኒያ ፖፒና ያኔ በነበሩበት በኬንሲንግተን መኖሪያቸው ደጅ ይበቅል የነበረው ዊንተርስዊት። ግንባሩ አካባቢ የስንዴ ዘለላ አለ። ፎቶ ያለው ሰው ከትከሻ በታች ያለውን ጠርዝ አጉልቶ ቢያይ አበቦቹን አንድ በአንድ ሊለያቸው ይችላል፤ ቴሌቪዥን ላይ ግን ነጭ በነጭ ሆነው ጠፍተዋል።

ጭራ በረዘመ ቁጥር ችግሩም ይረዝማል። የዲያና ጭራ 25 ጫማ፣ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ነበር፤ ጨርቁ የሚሸበሸብ ታፍታ ሐር ነው። ከአባቷ ጋር ጠባብ ሠረገላ ውስጥ ስትታጨቅ ጨርቁ ተጨማደደ፣ ከካቴድራሉ ደጅ ስትወርድ ዓለም ያየው ያንን ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሽሮች አጠር ያለ ጭራና ሰፊ አሮጌ መኪና መምረጣቸው ያለ ነገር አይመስለንም። ካትሪንም ሜጋንም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት በሮልስ ሮይስ ነው።

በ1947 የተጋቡት ልዕልት ኤልሳቤጥ ግን የገጠማቸው ሌላ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ ሁለት ዓመት ቢሆንም ልብስ ገና በኩፖን ነበር። መንግሥት 200 ተጨማሪ ኩፖን ሰጣቸው። ሴቶች ከየአገሩ የራሳቸውን ኩፖን በፖስታ ላኩላቸው፤ ኩፖን ለሌላ ማስተላለፍ ሕግ ስለሚከለክል ሁሉም በምስጋና ተመለሰ። ልብስ ሰፊው ኖርማን ሃርትኔል 10,000 ጥቃቅን ሉል ከአሜሪካ አስመጣ፤ የሐር ትሎቹም የጣሊያን ወይም የጃፓን እንዳይሆኑ፣ ከቻይና መምጣታቸውን ማረጋገጥ ነበረበት። ይህ ሁሉ አልፎ በሠርጉ ጧት ቲያራው ሲደፋ ተሰበረ። ጌጥ ሠሪው በፖሊስ ታጅቦ ወደ ሱቁ በርሮ ጠግኖ አመጣው። አበባቸው ጠፍቶ ቀዝቃዛ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። የሉል ሐብላቸው ስጦታዎቹ ለሕዝብ ከሚታዩበት ቅዱስ ጄምስ ቤተ መንግሥት ቀርቶ ጸሐፊያቸው በሕዝቡ መሐል እየተጋፋ ሄዶ አመጣው። ሦስቱም በአንድ ጧት።

አበባው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ አረንጓዴ ዝንጣፊ ይፈለግ። አደስ ነው፤ አገር ቤት ለጠጉር ቅቤ የሚገባው ያው አደስ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1845 ገደማ በኦዝበርን ቤታቸው ካስተከሉት ቁጥቋጦ ይቆረጣል። መጀመሪያ የያዘችው በ1858 ያገባችው የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። አበባው በመጨረሻ ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ ባለው የማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ ያርፋል። ይህን የጀመሩት ኤልሳቤጥ ቦውዝ-ላየን ናቸው፤ ወንድማቸው በ1915 በጦርነት ሞቶባቸው ስለነበር በ1923 ወደ ሠርጋቸው ሲገቡ አበባቸውን እዚያ አኖሩ። እሳቸው በመግቢያ ነው ያኖሩት፤ የኋለኞቹ ግን ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ይልካሉ። የሜጋንም በማግስቱ ከዊንዘር ለንደን ተወስዷል።

ሠረገላው

ሰባት ሰዓት ላይ የሚወጣው የአስኮት ላንዶ የሚባል ክፍት ሠረገላ ነበር። ግራጫ ፈረሶች አራት ይጎትቱታል፤ ፊት ለፊት የሾፌር ወንበር የለውም፣ ነጂዎቹ በግራ በኩል ባሉት ፈረሶች ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሙሽሮቹን ከፊት የሚጋርድ ሰው የለም፤ ለፎቶ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዝናብ ቢጥል መስኮቱ ሰፋፊ የሆነው የስኮትላንድ ሠረገላ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በ2011ም ለዝናብ የመስታወት ሠረገላው ቆሞ ነበር። ፈረሶች በሕዝብ ጩኸት እንዳይደነግጡ አስቀድመው በከበሮና በሚውለበለብ ባንዲራ ይለማመዳሉ። ቢሆንም በ2011 ከአጃቢዎቹ አንድ ፈረስ ጌታውን ጥሎ ብቻውን ጋልቧል።

የዊንዘሩ መንገድ ከካስል ሂል ወርዶ በሃይ ስትሪት፣ በሺት ስትሪት፣ በኪንግስ ሮድና በአልበርት ሮድ ዞሮ በሎንግ ዎክ ይመለሳል። የለንደኑ ከአቢው ተነሥቶ በዋይትሆልና በሆርስ ጋርድስ አልፎ በዘ ሞል ወደ በኪንግሃም ቤተ መንግሥት ይገባል። ሰገነት ላይ ወጥቶ መሳምና የአውሮፕላን ትርኢት ያለው ለንደን ብቻ ነው፤ ዊንዘር ቆሞ የሚጠብቅ በከንቱ ይጠብቃል።

ስለ ኬኩ ባጭሩ። በክሌር ፕታክ የተጋገረው የ2018ቱ ኬክ 200 ሎሚ፣ 500 እንቁላል፣ ቅቤ፣ ዱቄትና ስኳር እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ፣ በተጨማሪም ኤልደርፍላወር ከሚባል ነጭ አበባ የተሠራ 10 ጠርሙስ ሽሮፕ ገብቶበታል። በ1981 ደግሞ የባሕር ኃይሉ ጋጋሪ አንድ ዓይነት ኬክ ሁለት አድርጎ ሠራ፤ አንዱ ቢሰበር ሁለተኛው እንዲተካ።

የሥነ ሥርዓቱን፣ የአበባውን፣ የሙዚቃውንና የግብዣውን ወጪ ቤተሰቡ ይከፍላል። የጥበቃው ግን ከመንግሥት ካዝና ነው፤ ክርክሩም የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

መንገድ ዳር ለሚቆም

መጀመሪያ የሚወሰነው ምን ማየት እንደተፈለገ ነው። ቃል ኪዳኑንና ቀሚሱን በደንብ ማየት የሚፈልግ ቤቱ ይሁን፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሥነ ሥርዓቱን የሚሰማው በድምፅ ማጉያ ወይም በትልቅ ስክሪን ብቻ ነው። ሠረገላውን የሚፈልግ ግን መታጠፊያ ይምረጥ፤ ፈረሶቹ ቀጥታ መንገድ ላይ ይሮጣሉ፣ ኩርባ ላይ ይቀዘቅዛሉ። ሎንግ ዎክ ሰፊና ለቤተሰብ ምቹ ነው፣ ከአጥሩ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ለቆመ ግን ከባርኔጣ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ወደ ዊንዘር በባቡር ሁለት መንገድ አለ፤ ከዋተርሉ በቀጥታ፣ ወይም ከፓዲንግተን ተነሥቶ ስላው ላይ መቀየር። መኪና አይታሰብም፣ መንገዱ ይዘጋል። መግቢያ ላይ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ አለ፤ ትልቅ ሻንጣ ሰዓት ይበላል። የሚታጠፍ ወንበር፣ ውኃ፣ ስንቅና የዝናብ ልብስ ይያዝ። ጃንጥላ አይሆንም፤ ከኋላ ያለው ሰው ይጣላል። ስልክ በሕዝብ ብዛት ኔትወርክ ስለሚያጣ፣ አብሮ ከመጣ ሰው ጋር መገናኛ ቦታ አስቀድሞ ይነገር። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሠረገላው ገና ሲመጣ ይጀምር፤ አጠገቡ ሲደርስ ስልኩን አውርዶ በዓይኑ ይይ።

ሠርጉ ያመለጠው ሰው ቀሚሱን የሚያገኘው በኋላ ነው። የካትሪን በ2011 በእንግሊዞች በጋ በኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የሜጋን ደግሞ ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ ዊንዘር ውስጥ፣ በኋላም ኤዲንብራ ለሕዝብ ታይቷል። እንዲህ ያለ ትርኢት አብዛኛውን ጊዜ ሠርጉ ባለፈ በወራት ውስጥ ይከፈታል፤ ትኬቱ የቤተ መንግሥቱ መግቢያ ትኬት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለጸሎት ለሚመጣ ግን ክፍት ነው፣ አይከፈልም። የሠርኩን ጸሎት መካፈል የሚፈልግ ሰው በር ላይ ላሉት ጠባቂዎች ለጸሎት መምጣቱን ይንገራቸው።